ያበጠ ጉልበትና የደም ሕመም፤ በ1883 ዓ.ም. በሐረር ከታመመ ሰው ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የሐረርን የሕክምና ታሪክ የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሆስፒታሎች መሠራትና ከሐኪሞች መምጣት ነው። ይህም አግባብ ነው፤ ሕንጻውም መዝገቡም በእጅ ይገኛልና። ይሁን እንጂ ሕመምን ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚያየው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ ሕፃንም እንደ ሆነ እናቱ ናት። እነርሱ ያዩትን ምልክት ምን ብለው እንደ ሰየሙት፥ ስንት ቀን እንደ ታገሡት፥ ለማንስ እንደ ነገሩት ማወቅ ከሕክምና ታሪክ አንዱ ክፍል ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብኩት ጥያቄ የሚከተለው ነው። ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ ሕመም፥ ይልቁንም የደም ሕመም፥ ምልክቱ ከተለመዱት ሕመሞች ምልክት ጋራ የተመሳሰለ እንደ ሆነ በምን ሊለይ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ በ1883 ዓ.ም. በሐረር የታመመውን የፈረንሳዊውን ነጋዴ የአርቱር ራምቦን ታሪክ እንደ ምሳሌ ወስጃለሁ።

አንባቢ እንዳይሳሳት አስቀድሜ ልናገር። ራምቦን የገደለው ከእግሩ የተነሣ ነቀርሳ ነው እንጂ የደም ሕመም አይደለም። ሆኖም ታሪኩን የመረጥኩበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ የሕመሙን ምልክት ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል ጽፎ ትቶልናል። ሁለተኛ፥ እርሱ ራሱ ሕመሙን በመጀመሪያ የደም ሥር ሕመም ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ሦስተኛ፥ ምልክቱ የታየው በጉልበቱ ላይ ነው፤ ጉልበት ደግሞ አንዳንድ የደም ሕመሞች ከሁሉ አስቀድመው የሚታዩበት ስፍራ ነው።

፩. ከተማውና ሰውየው

ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በንጉሥ ምኒልክ እጅ ከገባች ወዲህ በደጃዝማች፥ ኋላም በራስ መኰንን ትተዳደር ነበር። የከተማዪቱ ቡናና ቆዳ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድና በባሕር ወደ ኤደን ይሻገር ነበር። ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ስለ ሆነ በዚያ ዘመን ከሐረር ወደ ባሕር ለመውረድ በበቅሎ፥ በግመል ወይም በእግር ከመጓዝ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም።

ራምቦ በ1847 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የጻፋቸው ግጥሞች ኋላ በዓለም የታወቁ ሆኑ፤ እርሱ ግን ግጥም መጻፉን ገና በወጣትነቱ ትቶ ወደ ንግድ ዞረ። ሐረር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣበት ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በኤደን ከሚኖረው ከነጋዴው ከሴዛር ቲያን ጋራ ተስማምቶ በሐረር ይነግድ ነበር። በታመመ ጊዜ ዕድሜው 36 ዓመት ነበር።

የዘመኑንም ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ያለው ጊዜ በአገራችን ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው ነው። የከብት እልቂት፥ ረኃብና ተላላፊ በሽታ በአንድነት የወረዱበት ዘመን ነበር። ሰው ሁሉ በከሳበት አገር የአንድ ሰው መክሳት የሚያስደነግጥ ምልክት ሆኖ አይታይም። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

፪. የምልክቶቹ ቅደም ተከተል

ስለ ሕመሙ በጊዜው ከጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዱ የካቲት 14 ቀን 1883 ዓ.ም. ከሐረር ለእናቱ የላከው ነው። በዚህ ደብዳቤ ቀኝ እግሩ ላይ የደም ሥር እንዳበጠበት፥ ሕመሙም ሌሊት እንቅልፍ እንደ ነሣው ገልጾ፥ የደም ሥር ላበጠበት ሰው የሚሆን የሚለጠጥ ረጅም ካልሲ ገዝተው እንዲልኩለት ይለምናል። በዚያው ደብዳቤ ጉልበቱን ቁርጥማት እንደሚያሠቃየው ይናገራል። እንግዲህ ሕመምተኛው በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ስም ሰጥቷል ማለት ነው፤ ለሚታየው የደም ሥር እብጠት አንድ ስም፥ ለማይታየው የውስጥ ሕመም ሌላ ስም። ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ይሆናሉ ብሎ አላሰበም።

የተሟላው ታሪክ የሚገኘው ሐምሌ 9 ቀን 1883 ዓ.ም. ከማርሴይ ለእኅቱ ለኢዛቤል በጻፈው ደብዳቤ ነው። እንደዚህ ደብዳቤ አገላለጽ ሕመሙ የጀመረው ከጉልበቱ ሎሚ ሥር በየደቂቃው በመዶሻ ቀስ ብሎ እንደሚመታ ዓይነት ስሜት ነው። ከዚያ የጭኑ ጅማት ተሰበሰበ። ቀጥሎ በጉልበቱ ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮች አበጡ። እርሱ ግን ብርድ የመታው መስሎት እንደ ወትሮው እየተራመደና እየጋለበ ሥራውን ቀጠለ። ኋላ ሕመሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ በተራመደ ቁጥር ምስማር ከጎን እንደሚመታበት ሆነ። ጉልበቱ ከላይ አበጠ፤ ሕመሙም ወደ ታች እስከ ቁርጭምጭሚቱ፥ ወደ ላይ እስከ ወገቡ ተሠራጨ። እግሩን ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ጠመጠመ፤ አሸ፤ በውኃ ዘፈዘፈ፤ ምንም ጥቅም አላገኘም። በዚህ ጊዜ የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ፤ እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ሰውነቱም እየከሳ ሄደ።

መጋቢት 7 ቀን ገደማ ለመተኛት ወሰነ። ነገር ግን አልጋውን ያዘረጋው በገንዘብ ሣጥኑና በመስኮቱ መካከል ነበር፤ በግቢው ውስጥ ያለውን ሚዛን ከአልጋው ላይ ሆኖ ለመጠበቅ ነው። ከዕለት ወደ ዕለት ጉልበቱ እንደ ኳስ ክብ ሆነ። የቅልጥሙ ራስ ከውስጥ በኩል ከሌላው እግር ይልቅ እጅግ መወፈሩን አስተዋለ። እብጠቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ አጥንት ጠነከረ፤ እግሩም በ8 ቀን ውስጥ ፈጽሞ ደረቀ። ጉልበቱ ሲያብጥ ጭኑና ባቱ ግን ይመነምኑ ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ያለውን ንብረት በኪሳራ ሸጦ መጋረጃ ያለው ቃሬዛ አሠራ። መጋቢት 30 ቀን በ16 ተሸካሚዎች ከሐረር ወጥቶ በባላዋና በጌልዴሳ በኩል ሚያዝያ 11 ቀን ዘይላ ደረሰ። በመንገድም መጠለያ አጥቶ ለ16 ሰዓት ያህል በዝናብ ውስጥ እንደ ተጋደመ በዚሁ ደብዳቤ ጽፏል። ኤደን በደረሰ ጊዜ በዚያ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሕመሙን የመገጣጠሚያ ሽፋን ቁስለት ነው አለው፤ ደረጃውም እጅግ አደገኛ መሆኑን ነገረው። እናቱ የላኩለት ሁለት ካልሲዎች የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። ካልሲ ከለመነበት ቀን ጀምሮ መድረሱን እስከ ጻፈበት ቀን ድረስ 69 ቀን አልፎ ነበር፤ በዚህ መካከል የእግሩ ጉዳይ ከካልሲ አልፎ ስለ መቆረጥ የሚወራበት ሆኖ ነበር።

ግንቦት 13 ቀን ማርሴይ ደረሰ፤ ግንቦት 20 ቀን ቀኝ እግሩ ከጭኑ ላይ ተቆረጠ። በክረምቱ ወደ ትውልድ አገሩ ቢመለስም ሕመሙ ወደ ሌላው ሰውነቱ ተዛምቶ ስለ ነበር ተመልሶ ማርሴይ ሆስፒታል ገባ። ኅዳር 1 ቀን 1884 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሞተ።

፫. ምልክቱ ለምን አልታወቀም?

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው ሕመምተኛው አስተዋይ አልነበረም ለማለት አይቻልም። የሁለቱን እግሮቹን ቅልጥም ማስተያየቱ የሐኪም ሥራ የሚያሰኝ ነው። ታዲያ ለምን ዘገየ?

በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ምክንያት እያንዳንዱ ምልክት የራሱ የተለመደ ማብራሪያ ስለ ነበረው ነው። ለሕመሙ ብርድ፥ ለድካሙ የመንገድ ርዝመት፥ ለደም ሥሩ መጋለብ፥ ለመክሳቱ የምግብ ማነስ ምክንያት ሆኖ ቀረበ። ክፉ ቀን በሆነበት ዘመን ደግሞ መክሳት ማንንም አያስደንቅም። ሁሉም ማብራሪያ ለየብቻው ሲታይ ሊታመን ይችላል። በአንድነት ሲታዩ ግን፥ ማለት በአንድ እግር ላይ፥ በአንድ ጉልበት ዙሪያ፥ በአንድ ወቅት ከሆኑ፥ አራት ምክንያት ከመፈለግ አንድ ምክንያት መፈለግ በተገባ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ምልክቶቹ በተከታተሉበት ጊዜ አለመጻፋቸው ነው። በቅደም ተከተል የተጻፈው የሐምሌ ደብዳቤ ነው፤ በሐምሌ ግን እግሩ ተቆርጧል። ከሐረር እስከ ዘይላ የያዘው የጉዞ ማስታወሻ ደግሞ በአብዛኛው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፥ የሰፈሩም ስም ነው።

ሦስተኛው የቤተ ሰብ ታሪክ ነው። ታናሽ እኅቱ ቪታሊ በ17 ዓመቷ፥ በ1868 ዓ.ም.፥ በጉልበት ሕመም ሞታ ነበር። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ናቸው ለማለት ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች በጉልበት ሕመም መሞታቸው ማንኛውም ሐኪም አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ነው።

ለፍርድ እንዳንቸኩል ደግሞ ይህን እናስታውስ። አጥንትን ከሥጋ በታች የሚያሳየውን ጨረር ሮንትገን ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ነው፤ ራምቦ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የሐረር የመጀመሪያ ሆስፒታሎች ታሪክም የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የፈረንሳይ ካፑቺን ሚስዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መጠለያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1901 አቋቋሙ፤ የራስ መኰንን ሆስፒታልም የተሠራው በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ በእርግጥ ይድን ነበር ለማለት አንችልም። ልንለው የምንችለው የሁለት ወር ያህል ጊዜ በተሳሳተ ስም ምክንያት ማለፉን ነው።

፬. ጉልበትና ደም

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ጉልበታቸው አብጦ ከሚታመሙት ሕፃናት መካከል ጥቂቶቹ የመገጣጠሚያ ሕመም ሳይሆን የደም ሕመም ያለባቸው ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሂሞፊሊያ የሚባለው ነው።

ደም ከሥሩ ሲፈስ በውስጡ ያሉ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች ተራ በተራ ሠርተው እንዲረጋ ያደርጉታል። በሂሞፊሊያ ከእነዚህ አንዱ፥ 8ኛው ወይም 9ኛው ተብሎ የሚቈጠረው፥ ይጐድላል። 8ኛው የሚጐድልበት ዓይነት ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይገኛል። ሕመሙ በአብዛኛው የሚታየው በወንዶች ሲሆን የሚተላለፈው ከእናት ነው፤ እናቲቱ ራሷ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ትመስላለች። ሕመምተኛው ደሙ ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይፈስም፤ መቆም ግን ይሳነዋል።

ይህ ሕመም በታሪክ የታወቀው በአንድ ምልክት ሳይሆን በምልክቱ መደጋገም ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት ሁለት ወንድሞቹ ከግርዛት የተነሣ የሞቱ ሕፃን እንዳይገረዝ ፈርደዋል፤ ፍርዱም በተልሙድ ተጽፎ ይገኛል። ከ1,000 ዓመት በፊት ደግሞ በእስፓንያ በኮርዶባ አጠገብ የኖረው የእስላም ሐኪም አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ በአንድ መንደር ወንዶች በትንሽ ቁስል ደማቸው ፈሶ እንደሚሞቱ ጽፏል። ሁለቱም ወገኖች ስለ ደም መርጋት ሥራ የሚያውቁት አልነበረም። ያወቁት ቤተ ሰቡን ቈጥረው፥ ወንዶቹን ከሴቶቹ ለይተው፥ ፊተኛውን ከኋለኛው ጋራ ስላስተያዩ ነው።

ክርስቲያኑም እስላሙም ወንድ ልጁን በሚገርዝባት በሐረር ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከግርዛት በኋላ ደሙ እምቢ ብሎ ያደረ ሕፃን የመጀመሪያው ምልክት ታይቶበታል። ሁለተኛው ምልክት የሚመጣው ልጁ መዳኽና መራመድ ሲጀምር ነው፤ ሰውነቱ በቀላሉ ይበልዛል፥ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ሲቈረጥ ደሙ ለብዙ ሰዓት ይንጠባጠባል። ሦስተኛው ጉልበት፥ ቁርጭምጭሚት ወይም ክርን ውስጥ ደም ሲፈስ ነው። መገጣጠሚያው በመጀመሪያ ይሞቃል፤ ልጁም የመውረር ስሜት ይሰማዋል፤ ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ያብጥና ልጁ እግሩን አጥፎ ይይዛል። ደሙ ሲመጠጥ እብጠቱ ይጐድላል፤ ኋላ በዚያው መገጣጠሚያ ይመለሳል። ሲደጋገም ጉልበቱ ይደርቃል፥ ጭኑም ይመነምናል።

በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ ወድቆ ነው ብሎ ልጁን ወደ ወጌሻ ቢወስደው ለምን ይፈረድበታል? ልጅ ሁሉ ይወድቃልና። ነገር ግን ደም በውስጡ የሚፈስበትን ጉልበት ማሸት፥ መብጣት ወይም በዋግምት ማገም ደሙን ያብሰዋል። አስፕሪን የሚባለውም የሕመም ማስታገሻ የደምን መርጋት ስለሚያውክ ለእንዲህ ያለው ልጅ አይሰጥም።

ሌላው በጉልበትና በቅልጥም ሕመም ሊጀምር የሚችለው የደም ነቀርሳ፥ ማለት ሉኪሚያ ነው። ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ስለ ሆነ መቅኔው በታመመ ጊዜ አጥንቱ ያማል። ሕፃኑ እግሬን ይላል፤ አንዳንድ ጊዜ ማነከስም ይጀምራል። ከዚህ ጋራ መገርጣት፥ ድካም፥ የማይለቅ ትኩሳት፥ ነስርና የድድ መድማት፥ በቆዳ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች፥ የጣፊያም ማበጥ ይታያል። ትኩሳቱና ጣፊያው ወባ ያስመስሉታል፤ መገርጣቱ የምግብ ማነስ፥ የእግሩም ሕመም ቁርጥማት ያስመስለዋል። እዚህ ላይ የራምቦን ነገር እናስታውሳለን፤ ለእያንዳንዱ ምልክት የተለመደ ምክንያት ሲገኝለት ዋናው ምክንያት ይሰወራል።

እንግዲህ አንድ ያበጠ ወይም የታመመ ጉልበት ሦስት መንገድ አለው። በሂሞፊሊያ በሰዓታት ውስጥ አብጦ በቀናት ይጐድላል፥ ደግሞም ይመለሳል። በአጥንት ወይም በመገጣጠሚያ ነቀርሳ ሳይጐድል እየጨመረ ይሄዳል፤ ሌሊትም ይብሳል። በሉኪሚያ ሕመሙ ከአንዱ አጥንት ወደ ሌላው ሊዘዋወር ይችላል፤ መገርጣት፥ ትኩሳትና መድማት ይከተሉታል። በአንድ ቀን ብቻ የተመለከተ ሰው ሦስቱን ሊለይ አይችልም። የሚለያቸው አካሄዳቸው ነው፤ አካሄድ ደግሞ ካልተመዘገበ አይታወቅም። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው በእርግጥ የደም ምርመራ ነው፤ ምርመራውን ያዝ የሚለው ሐኪም ግን የሚጀምረው ቤተ ሰቡ ከሚነግረው ነገር ነው።

፭. ምን ይመዝገብ?

ከዚህ ታሪክ በመነሣት አንድ ቤተ ሰብ ወይም አንድ የጤና ሠራተኛ በቀላል ደብተር ሊይዘው የሚችለውን እንዲህ አጠቃልለዋለሁ። ቀኑንና ሰዓቱን፤ የትኛው መገጣጠሚያ እንደ ሆነ፤ ከምን በኋላ እንደ ጀመረ፥ ወይስ ያለ ምክንያት እንደ መጣ፤ ደም ፈሶ እንደ ሆነ ለስንት ሰዓት እንደ ፈሰሰ፤ የተሰጠውን መድኃኒት። የእብጠቱን መጠን በክር ለክቶ ከጤነኛው እግር ጋራ ማስተያየትም ይቻላል፤ ይህን ራምቦ በዓይኑ ብቻ አድርጎታል። ከሁሉም በላይ በእናት ወገን ያሉ ወንዶች፥ ወንድሞች፥ አጎቶችና አያት፥ ደም ፈሷቸው የሞቱ ወይም ጉልበታቸው የደረቀ እንዳሉ ይጠየቅ። ራሱን ተመትቶ የሚያስመልሰው ወይም የሚያንቀላፋው፥ ደሙም አልቆም ያለው ልጅ ግን መዝገብ አይጠበቅለትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል።

ዛሬ ሐረር የራምቦ ዘመን ሐረር አይደለችም። የጁገል ሆስፒታልና የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና ሆስፒታል በከተማዪቱ ይገኛሉ፤ ሕመምተኛም ቃሬዛ አሠርቶ ዘይላ አይወርድም። ነገር ግን ከቤት እስከ ሆስፒታል ደጃፍ ያለው መንገድ፥ ማለት ምልክቱን በትክክለኛ ስሙ እስከ መጥራት ያለው ጊዜ፥ ዛሬም በቤተ ሰቡ እጅ ነው።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሐረርና በዙሪያዋ በሐረሪ፥ በኦሮምኛ፥ በአማርኛና በሶማልኛ ለማይቆም ደም፥ ለሚመላለስ የጉልበት እብጠት፥ ለሕፃን መገርጣት የተሰጡትን ስሞች ብንሰበስብ፥ ለእያንዳንዱም ስም ሰዎች የሚሰጡትን ምክንያትና የሚያደርጉትን ሕክምና ብንጽፍ፥ ለታሪክም ለሕክምናም የሚረዳ ሥራ ይሆናል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በየበዓሉ ወደ ቤታችን ስንሄድ እናቶችንና አዋላጆችን፥ ገራዦችንና ወጌሻዎችን በአክብሮት ቀርቦ መጠየቅን ብቻ ይፈልጋል። በአንድ ቤት የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ሲገኝ ደግሞ ወረቀቱን በመጽሔት ለማተም ከመቸኰል በፊት ሦስተኛው ልጅ ደሙ እንዲመረመር ለቤተ ሰቡ መንገር ይገባል።